ጎመን በጤና፦ ጎመን፣ ሰናፍጭና ፌጦ ከካንሰር ይከላከላሉ የሚባለው እስከ ምን ድረስ እውነት ነው?

የቀበና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የጡት ካንሰር ህክምናዋን ከጨረሰች አራት ወር ሆናት። ቀዶ ጥገናውም ኬሞውም አልፏል። አሁን የምትወስደው በቀን አንድ ታሞክሲፌን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጸጉሯም ተመልሷል።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከሜሪላንድ መጣች። ከሻንጣዋ ሦስት ጠርሙስ ኪኒን አወጣች። ላዩ ላይ የብሮኮሊ ስዕል አለው። «ይሄ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል፣ እዛ ስንቱ ሰው ነው የሚወስደው» አለቻት። እማዬ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና «ብሮኮሊ የጎመን ዘመድ አይደል እንዴ? እኔ ጎመን እየበላሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ ለምን ታመምኩ?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ማናችንም መልስ አልነበረንም።

እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ነገሩ እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ የኛ ጎመን ከብሮኮሊው እኩል ይሰራል? ኪኒኑንስ ትጀምረው?

የላብራቶሪ ሰው

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ። የምግብ ሳይንስ አስተምራለሁ፣ ይሄ ነገር ደግሞ በጣም የምወደው ርዕስ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች የፈረንጆቹ ናቸው።

ቤት ውስጥ ልታዪው ከምትችዪው ነገር ልጀምር። ደረቅ የሰናፍጭ ፍሬ አፍንጫሽ ስር ብታደርጊው ምንም አይልሽም። ፈጭተሽ ዱቄቱን ብታሸቺውም ያን ያህል አይደለም። ውሃ ጠብ ስታደርጊበትና ስታሺው ግን ከአፍታ በኋላ ይሰነፍጥሻል፣ ዓይንሽ ያለቅሳል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ታዲያ ያ የሚሰነፍጠው ነገር ቅድም የት ነበር? አልነበረም። እዚያው፣ ዓይንሽ እያየ ነው የተሰራው።

በነዚህ ተክሎች ውስጥ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሉ። በሌላ ክፍል ደግሞ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተቀምጧል። ቅጠሉ ደህና እስካለ ድረስ ሁለቱ አይገናኙም። ትል ሲበላው፣ ቢላ ሲቆርጠው ወይም ጥርስ ሲያኝከው ግን ግድግዳው ይፈርሳል፣ ኢንዛይሙ ግሉኮሲኖሌቱን ይሰብረዋል። ያኔ ነው አይሶቲዮሳያኔት የሚባለው ኃይለኛ ነገር የሚወጣው። ለተክሉ የትል መከላከያው ነው። ለኛ ሰውነት ደግሞ ሌላ ስራ ይሰራል።

ብሮኮሊ ውስጥ የሚወጣው ሰልፎራፌን ይባላል። በ1992 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ ከብሮኮሊ ለይተው አወጡትና አንድ ነገር አሳዩ፦ ሴሎች መርዝ የሚያጣሩባቸውን ኢንዛይሞች ያነቃቃል። ሴል ውስጥ ኤንአርኤፍ-2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሌላ ፕሮቲን በሰላሙ ጊዜ ይዞ ያስቀምጠዋል። ሰልፎራፌን ሲመጣ ያ ያዢው ይለቀዋል፣ የተለቀቀውም ወደ ሴሉ እምብርት ገብቶ የጽዳት ኢንዛይሞች እንዲመረቱ ያዛል። ኢንዛይሞቹ ከጭስ፣ ከሻጋታና ከተቃጠለ ምግብ የሚገቡ መርዞች ዲኤንኤን ከመንካታቸው በፊት በሽንት እንዲወጡ ያደርጋሉ። በ1997 ደግሞ ያው ቡድን የሦስት ቀን የብሮኮሊ ቡቃያ ከትልቁ ብሮኮሊ ከ10 እስከ 100 እጥፍ የሚሆን የሰልፎራፌን መነሻ እንደያዘ አሳተመ። የአክስትሽ ጠርሙስ ታሪክ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ስለኛ ጎመን በኋላ እመለሳለሁ። ክፍል ልገባ ነው።

የወልቂጤዋ እናት

ልጄ፣ እናትሽን ማርያም ትጠብቅልሽ። እኔ ስለ ኬሚስትሪው አላውቅም፣ ጎመን ግን አውቃለሁ። አርባ ዓመት ጎመን ክትፎ ሰርቻለሁ። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ በደንብ ይጨመቃል፣ ከዚያ በስለት ቢላ እንደ አሸዋ እስኪደቅ ይከተፋል። ቅቤና ኮረሪማ ገብቶ በአይብ ይቀርባል። ሳይቀቀል ከተበላ ሆድ ይነፋል፣ ይመራልም። አሁን የሚባለው በጥሬው ብሉ ነው እንዴ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

የአክስትሽን ነገር ልናገር፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነኝና። ያ ኪኒን እዚህ እንደ ቫይታሚን ነው የሚሸጠው። ሐኪም አያዘውም፣ ከሱቅ መደርደሪያ አንስተሽ ትገዢዋለሽ። አሜሪካ ውስጥ ተጨማሪ ምግብ የሚባሉት ነገሮች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ይሰራሉ አይሰሩም ተብለው እንደ መድኃኒት አይመረመሩም። አክስትሽ በፍቅር ነው ያመጣችው፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ግን «ሁሉም ሰው ይወስደዋል» ማለት ተረጋግጧል ማለት አይደለም።

እኛ እዚህ ጎመን የምንለው ኮላርድን ነው። የአገሩ ጎመን ሲጠፋ እሱን ነው የምንሰራው።

የላብራቶሪ ሰው

ተመለስኩ። ስለኛ ጎመን እኔን ሁሌ የሚያስደስተኝን ልንገራችሁ። የሐበሻ ጎመን የሁለት ተክሎች ልጅ ነው። አንዱ ወላጁ ጥቁር ሰናፍጭ ነው፣ ሌላው ጥቅል ጎመንና ብሮኮሊ የወጡበት ዝርያ። ይህን የዘር ሐረግ በ1935 ናጋሃሩ ዩ የሚባል የእጽዋት ተመራማሪ አስረድቶታል። ስለዚህ ጎመናችን ላይ ትንሽ የሚሰነፍጥ ነገር የሚሰማችሁ ያለ ምክንያት አይደለም፣ የወላጁ ነው። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመን ዘርም የዚሁ ተክል ፍሬ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የኛ ጎመን ውስጥ በብዛት ያለው ግሉኮሲኖሌት ሲኒግሪን ይባላል። ሲሰበር የሚሰጠው አሊል አይሶቲዮሳያኔትን ነው፣ ያው የሰናፍጩን። ሰልፎራፌን አይደለም። ወንድማማቾች ናቸው፣ በላብራቶሪም ተመሳሳይ ባህሪ ያሳያሉ። ግን በሰው ላይ በደንብ የተጠናው ሰልፎራፌን ነው። የኛን ጎመን ወስዶ በሰው ላይ የብሮኮሊውን ያህል የሞከረው የለም፣ ይሄ ደግሞ ያሳዝነኛል። ፌጦም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ የሱ ደግሞ ቤንዚል አይሶቲዮሳያኔት ነው። ቆስጣ ግን ቤተሰቡ አይደለም። ብዙ ሰው ከጎመን ጋር ይቆጥረዋል እንጂ የቀይ ስር ዘመድ ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ይሄ የሚሰነፍጠው ነገር የለውም ለማለት ነው።

እትዬ የወልቂጤዋ፣ የእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ኢንዛይሙ ሙቀት አይወድም። ሳይቆረጥ የፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ ስራውን ሳይጀምር ይሞታል። ግሉኮሲኖሌቱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃው ሲደፋ አብሮ ይሄዳል። እርስዎ ሲጨምቁት የሚወጣው ያ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ግን በጥሬው መብላት ግድ አይደለም። መጀመሪያ ደቀቅ አድርጎ መክተፍ፣ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ሳህን ላይ ማቆየት ነው። ኢንዛይሙ በዚያ ጊዜ ስራውን ይሰራል። ከዚያ በሽንኩርትና በዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ ክዳን ገጥሞ ቶሎ ማብሰል ነው። ክዳኑን ያልኩት የኛ ጎመን የሚያወጣው ነገር በእንፋሎት የሚበር ስለሆነ ነው። በጣም የተቀቀለውም ቢሆን ከንቱ አይደለም። አንጀታችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የተረፈውን ግሉኮሲኖሌት በመጠኑ ይሰብሩታል።

የወልቂጤዋ እናት

እግዜር ይስጥህ ልጄ። ከትፎ ማስቀመጥ አይከብድም፣ ሽንኩርቱ እስኪላጥ ይቆያል። ሰናፍጩንስ ምነው ዝም አልከው? በጾም እኮ ጎመኑ አጠገብ ሰናፍጭ ሳይኖር ማዕድ አይቀርብም ነበር። ስልጆ ውስጥም ይገባል።

የላብራቶሪ ሰው

እትዬ፣ እንዴት ያለ ነገር አነሱ! በ2018 የወጣ ጥናት አለ። 12 ሰዎች 200 ግራም የበሰለ ብሮኮሊ በሉ። አንድ ጊዜ ብሮኮሊውን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ 1 ግራም የሰናፍጭ ዱቄት ነስንሰውበት። አንድ ግራም የሻይ ማንኪያ ግማሽ ገደማ ነው። ሰናፍጭ ሲጨመርበት ሰውነታቸው ያገኘው ሰልፎራፌን ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ብሮኮሊው ሲበስል ኢንዛይሙን አጥቷል፣ ያልበሰለው ሰናፍጭ ደግሞ የራሱን ኢንዛይም ይዞ መጣ። የእናቶቻችን የጾም ማዕድ ላይ ሰናፍጩ ከበሰለው ጎመን ጎን ሲቀመጥ ይሄንኑ የሚያደርግ ይመስለኛል። ያንን ጥናት ሳነብ የአያቴ ማዕድ ፊቴ ላይ ነው የመጣው።

ጠያቂው

ጥሩ ነው፣ ግን የእናቷ ጥያቄ አልተመለሰም። ጎመን በልተው አድገው ለምን ታመሙ? በሰው ላይ ካንሰር ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ላብራቶሪ ውስጥማ ስንቱ ነገር ካንሰር ይገድላል።

የላብራቶሪ ሰው

ትክክል ነህ ወንድሜ። መልሱ የተደበላለቀ ነው።

የታመሙና ያልታመሙ ሰዎች «ድሮ ምን ትበሉ ነበር» ተብለው ሲጠየቁ፣ ጎመንና ጥቅል ጎመን የሚያዘወትሩት ብዙ ጊዜ በሽታው ያነሰባቸው ሆነው ይገኛሉ። ግን የታመመ ሰው ያለፈውን የሚያስታውስበት መንገድ ከጤነኛው ይለያል። ጤነኛ ሰዎችን መዝግበው ለዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች ሲታዩ ውጤቱ ይደክማል። ለፕሮስቴት ካንሰር አብዛኞቹ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ለሳንባና ለሆድ ትንሽ ይሻላል።

እኔን ያሳመነኝ በ2005 የወጣ የመካከለኛውና የምስራቅ አውሮፓ ጥናት ነው። እዚያ ጥቅል ጎመን እንደኛ ሽሮ የዘወትር ነው። አይሶቲዮሳያኔትን ከሰውነት የሚያስወጡ ሁለት ጂኖች አሉ፣ አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ አንዱን ወይም ሁለቱንም የለውም። ሁለቱም የሌሏቸው ሰዎች ጋ ነገሩ ቶሎ አይወጣም፣ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በነሱ ውስጥ በየሳምንቱ ጎመን የሚበሉት የሳንባ ካንሰር ስጋታቸው በ72 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጂኖች ያሏቸው ግን ይሄ ነው የሚባል ጥቅም አልታየባቸውም። ጂን በምርጫ አይመጣም፣ ስለዚህ «ጎመን የሚበላው ሰው ለራሱ ስለሚጠነቀቅ ነው» ብሎ ለማጣጣል ያስቸግራል።

ሌላው በቻይና ቺዶንግ የተደረገው ነው። አየሩ የተበከለ አካባቢ ነው። 291 ሰዎች ለ12 ሳምንት በሁለት ተከፍለው ጠጡ፣ ግማሹ የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ፣ ግማሹ ተመሳሳይ ግን ባዶውን። በ2014 ውጤቱ ወጣ። ቡቃያውን የጠጡት በሽንታቸው ያስወጡት ቤንዚን የሚባል መርዝ (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ኬሚካሉ) በ61 በመቶ፣ አክሮሊን የሚባለው ደግሞ በ23 በመቶ ጨመረ። ሁለቱም የማገዶ ጭስ ውስጥም አሉ። ጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት ላለችው ሰው ይሄ ተራ ቁጥር አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ የተለካው መርዙ መውጣቱ ነው። ካንሰር ቀነሰ ተብሎ አልተለካም።

ስለዚህ ለእናትሽ የምለው ይሄ ነው። ጎመን ስጋቱን ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አጥር አይደለም። የጡት ካንሰር ከዕድሜ፣ ከሆርሞንና ከዘር ጋር የሚያያዝ ብዙ መነሻ አለው። ጎመን ስለበሉ ወይም ስላልበሉ አይደለም የታመሙት። የእሳቸው ጥፋት የለበትም። ይህን አስረግጠሽ ንገሪልኝ።

የቀበና ልጅ

ይሄን ድምጼን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ይባርከው» አለች።

ጠርሙሱን አሁን እያየሁት ነው። ከጀርባው የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሰልፎራፌን አለበት። ከሱ ስር ደግሞ «ዲአይኤም 150 ሚሊግራም» ይላል። ይሄ ምንድን ነው?

ፋርማሲስቷ

እህቴ፣ እናትሽ እንዳይጀምሩት! ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ ይሄን ሳይ ግን ልገባ ነው።

ዲአይኤም ከነዚሁ አትክልቶች የሚመጣ ነው። ጎመን ሲታኘክ ኢንዶል-3-ካርቢኖል የሚባል ይወጣል፣ ሆድ ውስጥ አሲድ ሲያገኘው ወደ ዲአይኤም ይለወጣል። የኤስትሮጅንን አያያዝ ስለሚቀይር ነው ለጡት ካንሰር የሚሸጡት። ታሞክሲፌን ከሚወስዱ 130 ሴቶች ጋር ለአንድ ዓመት ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2017 ውጤቱ ታትሟል። በቀን ሁለት ጊዜ 150 ሚሊግራም ነበር የሚወስዱት። የኤስትሮጅኑ መለኪያ እንደተባለው ተለወጠ። ግን ዲአይኤም በወሰዱት ሴቶች ደም ውስጥ ኢንዶክሲፌን ቀነሰ። ታሞክሲፌን እንዲሁ ተውጦ አይደለም የሚሰራው። ጉበት ኢንዶክሲፌን ወደሚባለው ከቀየረው በኋላ ነው ዋናው ጉልበት የሚመጣው። ይሄ መቀነሱ ሴቶቹን ጎድቷቸው እንደሆነ ጥናቱ አላሳየም፣ ለዚያ የተዘጋጀም አልነበረም። ግን እናትሽን እየጠበቀ ያለው መድኃኒት ታሞክሲፌኑ ነው። እሱን ሊያደክም የሚችል ነገር ሐኪማቸው ሳያውቅ አይነካም። ጠርሙሱን ይዘሽ ለካንሰር ሐኪማቸው አሳዪ።

በሳህን የሚበላ ጎመን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ መጠን አይሰጥም። ጎመናቸውን ይብሉ፣ ይጣፍጣቸው።

ሰላማዊት 27

ፋርማሲስቷ፣ እኔ የማህጸን በር ምርመራ ላይ «ቀለል ያለ ለውጥ አለ» ተብያለሁ። ጓደኛዬ ይሄው ዲአይኤም ያጠፋዋል ብላኛለች። አይጠቅምም?

ፋርማሲስቷ

የኔ እህት፣ አትደንግጪ። ቀለል ያለ ለውጥ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በፈረንጆቹ 2000 በወጣ፣ 30 ሴቶች ብቻ ባሉበት ትንሽ ጥናት ኢንዶል-3-ካርቢኖል ከወሰዱት ከፊሎቹ ላይ ካንቺ ጠንከር ያለ ለውጥ ጠፍቶ ነበር። ብዙ ተስፋ ያመጣው እሱ ነው። ቆይቶ ግን በእንግሊዝ 551 ሴቶች ላይ ዲአይኤም ለስድስት ወር ተሞከረ፣ ምንም ልዩነት አላመጣም። ለማህጸን በር ስራው የተረጋገጠው የኤችፒቪ (የማህጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባትና ምርመራ ነው። አገራችን ክትባቱን በፈረንጆቹ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ቀጠሮሽን ብቻ አትዝለዪ። ታናሽ እህት ካለሽ ደግሞ ክትባቱን አስከትቢያት።

ቫልቬ ደህና ነው

አንድ ነገር ልጨምር። የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። አንድ ጾም ላይ «ጎመን ለጤና» ብዬ በየቀኑ መብላት ጀመርኩ። የደሜ መለኪያ ወረደ፣ ሐኪሜ ደነገጠ። ጎመን ቫይታሚን ኬ ብዙ አለው፣ መድኃኒቱን ይቃረናል። ተው አልተባልኩም። በየሳምንቱ እኩል መጠን እንድበላ ነው የተነገረኝ። እንደኔ ያላችሁ በድንገት አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

የባሌ ልጅ

እንቅርት ያለበትስ? እናቴ ጎመን እንቅርት ያባብሳል ትላለች።

ፋርማሲስቷ

እናትህ መሰረት አላቸው። ከግሉኮሲኖሌት የሚወጡ አንዳንድ ነገሮች ታይሮይድ አዮዲን እንዳይወስድ ያውካሉ። ጉዳቱ የሚጎላው አዮዲን በሌለበትና ጎመኑ በጥሬው በብዛት ሲበላ ነው። ቤት ያለው ጨው አዮዲን ያለው ከሆነና ጎመኑ ከበሰለ በልኩ መብላት አያሰጋም። ጨዉን ጸሐይ ላይና ክፍት እቃ ውስጥ አታስቀምጡት፣ አዮዲኑ ይበራል።

አንድ ሌላም አለ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ጥሬ ቡቃያ አይብላ። ቡቃያ በሚያድግበት ሙቀትና እርጥበት ሳልሞኔላም ያድጋል፣ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ደግሞ ሰውነት አይቋቋመውም። ለነሱ በደንብ የታጠበና የበሰለ ጎመን ነው የሚሻለው።

የቀበና ልጅ

ሰኞ ቀጠሮ አለን። ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። አክስቴም ሁሉንም አነበበች። መጀመሪያ ከፍቷት ነበር፣ በኋላ ግን «እኔም አብሬያችሁ ልሂድና ሐኪሙን ልስማው» አለች።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጎመኑን ከአትክልት ተራ አምጥቼ ደጋግሜ አጠብኩት። እማዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ራሷ ከተፈችው። ከኬሞው በኋላ ጣቷ ስለሚደነዝዛት ቢላ ይዛ አታውቅም ነበር። ቀስ እያለች፣ ቅጠሉን ጠቅልላ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጋ። ወጥ ቤቱ ጎመን ጎመን ሸተተ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ከቡና ጋር። የጎመኑን ውሃ አልደፋሁም።

ሰናፍጩ ግን አልሆነልኝም። ጨው ብቻ ሆነ፣ አልሰነፈጠም። እትዬ የወልቂጤዋ፣ ምን አጠፋሁ?

የወልቂጤዋ እናት

ውሃውን አፍልተሽ ነው ያፈሰስሽበት አይደል ልጄ? ቀዝቃዛ ነው የሚሆነው። ፍሬውን ለቅመሽ ፍጪው። ቀዝቃዛ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያደረግሽ በደንብ እሺው፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሪበት። ከድነሽ ሩብ ሰዓት ተዪው። ከዚያ ጨውና ዘይት። ስትከፍቺው ፊትሽን ራቅ አድርጊ።